ከመርካቶ እስከ ሲንጋፖር፦ ስንት ሰዓት ነው?

መርካቶ ውስጥ ባንኮክና ጓንዡ እንደ ደሴና እንደ ጅማ በቀላሉ ይጠራሉ። ከአንዋር መስጊድ እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ባለው መንገድም ሆነ በሸማ ተራ፣ አንዱ ለዕቃ፣ ሌላው ለሕክምና ሩቅ ምሥራቅ ደርሶ የመጣ ሰው አይጠፋም። መንገደኛ ያለው ቤተሰብ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብሎ ነው።

ከአዲስ አበባ ባንኮክ በአየር 6,700 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል፤ በቀጥታ በረራ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። ጓንዡ ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ እሱም ዐሥር ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከባንኮክ ወደ ሲንጋፖር የሚያልፍ መንገደኛ ሌላ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል፤ በአየር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው።

ቲኬቱን ያየ ሰው ግን ግራ ሊገባው ይችላል። ለምሳሌ ከባንኮክ 10:00 ተነሥቶ ሲንጋፖር 13:30 ይደርሳል ቢል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ይመስላል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው፤ ሲንጋፖር ከባንኮክ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ባንኮክ ደግሞ ከእኛ በአራት ሰዓት ትቀድማለች። መርካቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሱቅ ሲዘጋ፣ እዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ለታማሚ እናት ለመደወል ሱቅ እስኪዘጋ አይጠበቅም።

ከሁሉ የሚከፋው የቀን ስሕተት ነው። ቲኬቱ "ማክሰኞ 00:30" ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ማለት ነው። ስለዚህ ቦሌ መገኘት ያለብን ሰኞ ማታ፣ ቢያንስ ከሦስት ሰዓት በፊት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ካለፈው አንድ ቀን ሊሆነው ነው። ከመርካቶ ለሚነሣ ደግሞ የአውቶቡስ ተራና የተክለ ሃይማኖት መጨናነቅም ይታሰብ።

ለሕክምና የሚሄዱ አባቶችና እናቶች ዘጠኝ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ የለባቸውም። በእግር ሥር ደም ሊረጋ ይችላልና በየሰዓቱ ተነሥተው ትንሽ ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፤ ውኃም ይጠጡ። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥር፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው የመመለሻውን ቀን የሚወስነው ሐኪሙን ጠይቆ ነው።

መድኃኒት ከማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ኢንሱሊን በተለይ ወደ ጭነት አይግባ፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ አይጠቅምም። ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ቀኑ በአራት ሰዓት ስለሚያጥር፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች መጠኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት።

ልጆች ለአያታቸው ቦርሳ ከምናለሽ ተራ ከመግዛታቸው በፊት አንድ ወረቀት ያዘጋጁላቸው። የሚነሡበት ቀንና ሰዓት በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር፣ የሚወስዱት መድኃኒት ስም፣ የተቀባዩ ስልክ ይጻፍበት። ወረቀቱ ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ይቀመጥ።