ኮከቡ ሁሉ ጅራት ሲያወጣ

ዛሬ ብዙም ስለማይወራለት አንድ የዓይን ችግር ላጫውታችሁ። ሰቆጣ በጠቅላላ ሐኪምነት ስሠራ የተሳሳትኩትንም አልደብቃችሁም።

አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ከገጠር ቀበሌ ከአባቱ ጋር በእግሩ ተጉዞ መጣ። “ሰሌዳው አይታየኝም” አለ። ይህ በየቀኑ የምንሰማው ነው። ቀጥሎ ግን “ዶክተር፣ ማታ ማታ ኮከቦቹ ሁሉ ጅራት ያወጣሉ፤ ወደ አንድ ጎን ብቻ” አለኝ። አባቱ አፍረው ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ዓይኑ ቀልቶ ያሳክከው ስለነበር ቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጠሁት፤ መነጽርም እንዲለካ ጽፌ ሸኘሁት።

ልጁ ያየውን በትክክል ነግሮኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ይህ የብርሃን መዛባት “ኮማ” ይባላል። ራሱን ስቶ የተኛ ሰው “ኮማ ውስጥ ገባ” የምንለውን እንዳታስቡ። ያኛው ከባድ እንቅልፍ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ የብርሃኑ ግን ፀጉር ከሚለው ነው። ግሪኮች ጅራታም ኮከብን “ባለ ረጅም ፀጉር” ይሉት ነበር። እኛ ጅራት አልነው፤ ልጁም እንደኛው።

ከዓይናችን ፊት ኮርኒያ የሚባል፣ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን አለ። “የዓይን ብሌን ልገሳ” ሲባል የሚለገሰው እሱ ነው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሆኖም ዓይናችን ብርሃንን ከሚሰበስብበት ኃይል ሁለት ሦስተኛው ያህል የእሱ ነው። ኬራቶኮነስ በሚባለው ሕመም ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄድና፣ የተሞላ አቁማዳ ታች በኩል እንደሚያብጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ሾጠጥ ይላል። ያን ጊዜ በላይኛው በኩል የገባው ብርሃንና በታችኛው በኩል የገባው አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም። ከፊሉ ነጥብ ይሠራል፤ የቀረው ወደ ጎን ይፈስሳል። ጅራቱ ይህ ነው።

ማታ ለምን ይብሳል? በጨለማ የብሌናችን ቀዳዳ ስለሚሰፋ ነው። ቀዳዳው በእጥፍ ሲሰፋ የኮማው ጅራት አራት እጥፍ ይሆናል። የዋግ ሰማይ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ሌሊት ኮከቡ እጅ ዘርግተው የሚለቅሙት ይመስላል። ልጁ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ነበር የሚያየው። ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጣጣ ከዘመናት በፊት ያውቁታል፤ መስታወቱ ያለ እንከን ቢሠራ እንኳ ከምስሉ ጠርዝ ያሉት ኮከቦች ጅራት ስለሚያወጡ፣ የሚያርም ሌንስ ይጨምሩበታል።

የእኛ መነጽር ግን አያርመውም። የመነጽር ማዘዣ ላይ የሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ ስፌር፣ ሲሊንደርና አክሲስ። ከሦስቱ በአንዱም ለጅራቱ ቦታ የለውም። ልጁ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመለስ ሦስተኛ መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር፤ ዓይኑ ላይ አላደረገውም። “ወደ ታች እይ” አልኩትና ከላይ ሆኜ አየሁት። የታችኛው ሽፋሽፍቱ ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ፊት ተገፍቶ ሾሏል። ይህ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። ያን ዕለት ወደ ጎንደር ሪፈር ጻፍኩ።

ለምን በእሱ? አባቱ ነገሩኝ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሁለት እጁ ጡጫ ዓይኑን ያሻል። አቧራ፣ ደረቅ ነፋስና ጠንካራ ፀሐይ ባለበት አገር የልጆች የዓይን አለርጂ ይበረታል፤ በተለይ በወንዶቹ። ኃይለኛ እሽታ ደግሞ ኬራቶኮነስን ከሚያባብሱት አንዱ ነው። የአማራ ክልል ትራኮማ የበዛበት ስለሆነ እኛ ባለሙያዎች የቀላ ዓይን ስናይ እጃችን ቶሎ ወደ ቅባቱ ይሄዳል። የእኔም እጅ ሄደ። ልጁ ዋና ችግሩ ማሳከክ ከሆነ፣ በየዓመቱም የሚመላለስበት ከሆነ አለርጂን አስቡ፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጉለት፤ ለሐኪም አሳዩት። ዴክሳሜታዞን ጠብታ ግን ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጨምሩ፤ ማሳከኩን ቢያስታግስም የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል።

ሕክምናው አለ። ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ሲደረግ እንባው በሌንሱና በሾለው ኮርኒያ መሐል ሞልቶ ገጹን ያስተካክለዋል፤ ጅራቱም ያጥራል። ነገር ግን በየቀኑ በልዩ ፈሳሽ መታጠብ አለበት፤ ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ለሚቀዳ ቤት ይህን ማዘዝ ለአፍ ይቀላል። ሌላው ክሮስ ሊንኪንግ ነው፦ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታና አልትራቫዮሌት ጨረር ኮርኒያውን ያጠነክሩታል። የጀርመን ሐኪሞች በሰው ላይ ያገኙትን የመጀመሪያ ውጤት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዋና ሥራው የሾለውን መመለስ ሳይሆን ሕመሙ ባለበት እንዲቆም ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ የመጣ ያተርፋል። ጠባሳ ከያዘ የሚቀረው ንቅለ ተከላ ነው።

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው ራቅ ያለ አንድ አምፖል ይመልከቱ፤ ከዚያ በሌላው። ብርሃኑ ወደ አንድ ጎን ጅራት ካወጣ ወይም ድርብ ከሆነ፣ በወረቀት ላይ በመርፌ በተበሳች ቀዳዳ ሲያዩት ደግሞ ከጠራ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። “አይታየውም” ብቻ አትበሉ፤ ያየውን ቅርጽ ልጁ ራሱ ይንገረው፣ ቢችል በወረቀት ይሣለው።

የእኔ ታካሚ ቀኝ ዓይኑ አዲስ አበባ ክሮስ ሊንኪንግ ተደርጎለት ሕመሙ ቆሞለታል፤ አሁን ሰሌዳውን ከፊተኛው ወንበር ያነባል። ግራው ጠባሳ ይዞ ስለነበር አልደረስንለትም፤ የንቅለ ተከላ ወረፋ እየጠበቀ ነው።