አንድ በአንድ



በዚህ መጽሔት ስለ ጥናት መጻፍ ልማዴ ነው። ዘንድሮ ግን የምጽፈው ስለ ጌም ነው። ወላጆች፣ “ዳይሬክተሩም ወደ ልጆቹ ወገን ገቡ” ከማለታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እዚህ ሪያድ ሰፈር ልጆቻችን ከክፍል ውጭ ከሚያወሯቸው ነገሮች አንዱ የመኪና ውድድር ጌም ነው። የእህቴ ልጅም “ግራን ቱሪስሞ” ይጫወታል። ይህን ጌም ካዙኖሪ ያማውቺ የተባለ ጃፓናዊና ባልደረቦቹ ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው ያወጡት። ተጫዋቹ መንዳት ብቻ ሳይሆን እንደ መካኒክ መኪናውን ማስተካከልም ይችላል። መካኒኮቻችን “ሞላ” የሚሉትን ስፕሪንግ ያጠነክራል ወይም ያለሰልሳል፤ የሞላውን መንጠር የሚገታውን ሾክ አብዞርበር ይመጥናል፤ የመኪናውን ከፍታ ዝቅ ያደርጋል፤ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ፣ ስታብላይዘሩን ይለውጣል።

አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ተመለከትኩት። መኪናው ኩርባ ላይ መሪውን አልታዘዝ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣበታል። ተናደደና ሞላውንም፣ ከፍታውንም፣ ስታብላይዘሩንም በአንድ ጊዜ ቀየረ። ዙሩን የጨረሰበት ሰዓት ባሰ። “የትኛው ነው ያበላሸው?” ብዬ ጠየቅሁት። መልስ አልነበረውም።

ሁሉን ወደ ነበረበት መለሰና የፊቱን ስታብላይዘር ብቻ ትንሽ አለሰለሰ። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን የተሻለ ያዙ፤ መኪናው መታጠፍ ጀመረ። ጨምሮ ሲያለሰልሰው ደግሞ ኋላው መንሸራተት አመጣ። አሁን ግን ምክንያቱን ያውቃል፤ አንድ እርምጃ ተመለሰና ልኩን አገኘ። ሳይንስ መምህሮቻችሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚነግሯችሁ ይህንኑ ነው፦ አንዱን ለውጥ፣ ሌላውን አትንካ፣ ውጤቱን መዝግብ።

በዚህ ዓመት አንድ ተማሪያችን በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሒሳብ ወደቀ። ቤተሰቡ ተጨንቆ አስጠኚ ሊቀይር፣ ክፍል ሊያስቀይር፣ ስልኩን ሊነጥቅ፣ ሌሊት ሊያስጠና በአንድ ሳምንት ወሰነ። ልጁም “ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም” ማለት ጀምሮ ነበር። ከመምህሩ ጋር የፈተና ወረቀቶቹን ዘርግተን አየን። ዘዴውን ያውቃል፤ የሚስተው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ላይ ነው፤ እርምጃዎችን በልቡ እየሠራ ስለሚዘል። “አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ እያንዳንዱን እርምጃ ጻፍ” አልነው። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አለፈ። ከማለፉ ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ለምን እንዳለፈ ማወቁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለውድድር ሜዳ ዝቅና ጠንከር ተደርጎ የተስተካከለ መኪና ወደ ሰፈራችን የውስጥ መንገዶች ቢገባ፣ ዝናብ የቦረቦረው ጉድጓድ ላይ ሆዱ ይመታል። ራክሻ ያልፈዋል። ጥሩ ማስተካከያ የሚባለው ለመንገዱ የሚስማማው ነው። የታላቅ ወንድም የጥናት ዘዴም ለታናሽ እህት ላይስማማ ይችላል፤ ወላጆች፣ አታወዳድሯቸው።

ተማሪዎች ደግሞ ስፔናዊውን ሉካስ ኦርዶኜዝን ትጠሩልኛላችሁ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በተጀመረው “ጂቲ አካዳሚ” ከጌም ተነሥቶ እውነተኛ ተወዳዳሪ ሆኗል፤ በ2011ም በለ ማን ውድድር በምድቡ ሁለተኛ ወጥቷል። ነገር ግን በዚያ በር የገቡት ከብዙ ሺህ ተጫዋቾች ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነርሱም በእውነተኛ መኪና ከባድ ሥልጠና ወስደዋል። ስለዚህ የቤት ሥራ ይቀድማል።

ወላጆች፣ ቴሌቪዥኑን ከማጥፋታችሁ በፊት ልጃችሁን “ምን ቀየርክ? ለምን?” ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው፣ ያንኑ ጥያቄ ነገ በደብተሩ ላይ ጠይቁት።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።