ገዳዩ አበበ ቢቂላን አይደርስበትም

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውን ማራቶን በሰከንድ ብትመነዝሩት 5.2 ሜትር ይመጣል። "ዴድ ባይ ዴይላይት" በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ተራው ገዳይ በሰከንድ የሚሄደው 4.6 ሜትር ነው። ስለዚህ ገዳዩ አበበን አይደርስበትም። ደራርቱ ቱሉን በ1992 የባርሴሎና ፍጥነቷ (5.36)፣ ትዕግሥት አሰፋን በ2023 የበርሊን ፍጥነቷ (5.33)፣ ቀነኒሳ በቀለን በ2005 የብራሰልስ ፍጥነቱ (6.34) ሲሮጡ ቢያሳድዳቸውም ልፋቱ ከንቱ ነው። እየራቁት ይሄዳሉ።

ይሄን ሒሳብ የሠራሁት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ቡና ላይ በተነሳ ክርክር ነው። የጅማ ጌም ቤቶች አብዛኛው ወሬያቸው ፊፋ ነው። ኮምፒውተር ላይ አስፈሪ ጨዋታ የምንጫወተው ጥቂቶች ስንገናኝ ግን ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው፦ "ከገጸ ባሕርያቱ ማን ይፈጥናል?" ሁሉም የየራሱን የፍጥነት ሰንጠረዥ ከስልኩ ያወጣል። እኔ ሰንጠረዡን አልጠላውም፤ እንዲያውም በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን ቁጥሩን ብቻውን ይዞ የሚከራከር ሰው ገና ጨዋታው አልገባውም ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለማያውቁት። ጨዋታው የካናዳው ቢሄቪየር ኢንተርአክቲቭ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 የወጣ ነው። አምስት ሰዎች በኢንተርኔት ይገናኛሉ፤ አራቱ ተሳዳጅ፣ አንዱ ገዳይ። ተሳዳጆቹ ሜዳው ላይ ካሉት ሰባት ጄኔሬተሮች አምስቱን ጠግነው የመውጫውን በር መብራት መመለስ አለባቸው። ገዳዩ ደግሞ አሳድዶ፣ መትቶ፣ መንጠቆ ላይ ይሰቅላቸዋል። ጄኔሬተር አስነስቶ መብራት ማምጣት ለኛ ሰፈር ሰው ማብራሪያ የሚሻ ነገር አይደለም።

አሁን ቁጥሮቹ። ተሳዳጅ ሲሮጥ በሰከንድ 4 ሜትር ይሄዳል። ሲራመድ 2.26፣ አጎንብሶ ሲሄድ 1.13 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል፤ ቀጭኗ ልጅ ከሽማግሌው ወታደር ትፈጥናለች ብሎ ያስባል። አትፈጥንም። ተሳዳጆች በሙሉ ሩጫቸው እኩል ነው። ልዩነት ያለው ገዳዮቹ ላይ ነው። አብዛኞቹ 4.6 ናቸው። መጥረቢያ ወርዋሪዋ ሀንትረስ 4.4 ናት። ነርሷ ደግሞ 3.85፤ ከሚሮጥ ተሳዳጅ እንኳ ታንሳለች። በሌላው ጫፍ ሂልቢሊ የዛፍ መቁረጫ ሞተሩን አስነስቶ ሲፈተለክ 9.2 ይደርሳል።

በተሳዳጅና በተራ ገዳይ መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ 0.6 ሜትር ናት። አንድ እርምጃ እንኳ አትሞላም። ጨዋታው በሙሉ የቆመው በሷ ላይ ነው። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገት ቁልቁለቱን ትተን ሁለቱም ሳይደክሙ ቢሮጡ ተሳዳጁ በ3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይገባል፣ ገዳዩ በ2 ሰዓት ከ43። አጋሮ ላይ የ24 ደቂቃ ልዩነት ማለት ነው። የጨዋታው ሜዳ ላይ ግን ማንም አጋሮ ድረስ አይሮጥም። 20 ሜትር ቀድማችሁ ከተነሳችሁ 4.6 የሚሄደው ገዳይ ሜዳ ለሜዳ የሚደርስባችሁ በ33 ሰከንድ ነው። ሀንትረስ በእግሯ ብቻ ብትከተላችሁ 50 ሰከንድ ይፈጅባታል። ነርሷ በእግሯ ብቻ ከመጣች መቼም አትደርስባችሁም።

ታዲያ ጥያቄው እዚህ ነው። ከሁሉም ዘገምተኛዋ ነርስ ለምንድነው ለብዙ ዓመት በተጫዋቾች ዘንድ ከሁሉም በላይ የተፈራችው? ግድግዳ ጥሳ ስለምታልፍ ነው። ሌላውን ገዳይ ግድግዳ፣ መስኮትና ተሳዳጁ መንገዱ ላይ የሚጥልበት ጣውላ ጊዜ ያስከፍሉታል፤ እሷን አያስከፍሏትም። ሂልቢሊ ደግሞ በ9.2 ሲበር መታጠፍ ይቸግረዋል፤ አንድ ዛፍ ከተጋጨ ያ ሁሉ ፍጥነት ባዶ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ከላይና ከታች ያሉት ሁለቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ነገር አንድ ነው፦ ፍጥነት ዋጋ የሚያገኘው መንገድ ላይ ካለው እንቅፋት ጋር ሲተያይ ነው።

ጎበዝ ተሳዳጅ ይሄን ያውቃል። አይሸሽም፤ ይዞራል። አንድ አጥር ወይም የድንጋይ ክምር ይይዝና ገዳዩን ያዞረዋል። ገዳዩ የሚያየው በራሱ ዓይን ፊት ለፊት ብቻ ነው፤ ተሳዳጁ ግን ራሱን ከኋላ ሆኖ ስለሚያይ ማዕዘኑን አሻግሮ ይመለከታል። ይሄም በሜትር የማይለካ ፍጥነት ነው። እያንዳንዷ ሰከንድ ደግሞ ትርጉም አላት፤ አንድ ሰው ብቻውን አንድ ጄኔሬተር ለመጠገን 90 ሰከንድ ይፈጅበታል። ገዳዩን 90 ሰከንድ ያዞረ ሰው ሦስቱ ጓደኞቹ ሦስት ጄኔሬተር እንዲጨርሱ ዕድል ሰጥቷቸዋል። ቢያዝም አሸንፏል።

ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ይሄ እንዳይበዛ ገዳዩን ይደጉሙታል። ማሳደዱ 15 ሰከንድ ካለፈው 0.2 ሜትር ይጨመርለታል፣ 25 ሲሞላ 0.4፣ 35 ሲሞላ 0.6። ለተሳዳጁም ድጎማ አለው፦ "ስፕሪንት በርስት" የተባለውን ችሎታ የያዘ ሰው ለ3 ሰከንድ በሰከንድ 6 ሜትር ይሮጣል። ሦስት ሰከንድ ምን ትሠራለች እንዳትሉ፤ በዚያ ውስጥ የምታተርፏትን 6 ሜትር ገዳዩ ለመመለስ ተጨማሪ 10 ሰከንድ መሮጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ግን 40 ሰከንድ ትደክማላችሁና የት እንደምታወጧት ማሰብ ነው። በሌላ በኩል ሩጫ ራሱ ያጋልጣል፤ የሮጠ ሰው መሬት ላይ ቀይ ዱካ ይተዋል፣ የተራመደ ግን አይተውም። ስንቱ ሰው አጎንብሶ በ1.13 እየተሳበ ከሞት ወጥቷል።

ፍጥነት ከዚህም አልፎ የምርመራ መሣሪያ የሚሆንበት ጨዋታ አለ። "ፋስሞፎቢያ" ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የወጣ የእንግሊዞች ሥራ ነው። እስከ አራት ሰው ሆናችሁ አንድ ቤት ትገቡና ያለው መንፈስ ምን ዓይነት እንደሆነ ትለያላችሁ። ተራው መንፈስ ሲያድን በሰከንድ 1.7 ሜትር ይሄዳል፣ ዓይኑ ሰው ላይ ካረፈ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ሬቨናንት ካላያችሁ 1 ሜትር፣ ካያችሁ 3 ሜትር ነው። ዲኦገን ከሩቅ በ3 ሜትር እየሮጠ ይመጣና አጠገባችሁ ሲደርስ 0.4 ይሆናል፤ እሱን ሮጦ ሊያመልጥ የሚሞክር ይሞታል፣ ሳይሸሽ እየተራመደ የሚያዞረው ይተርፋል። ልምድ ያለው ተጫዋች ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ኮቴውን ብቻ በመስማት የመንፈሱን ዓይነት ይናገራል።

ከነዚህ መንፈሶች አንዱ ጂን ነው። አያቶቻችን ጂኒ መብራት በሌለበት፣ በጨለማ፣ በወንዝ ዳር ይወጣል እያሉ ነው ያሳደጉን፤ አዌቱ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ያውቀዋል። የፋስሞፎቢያው ጂን ተገላቢጦሽ ነው። የቤቱ መብራት ቆጣሪው ላይ ካልጠፋና ከሩቅ ካያችሁ 2.5 ሜትር በሰከንድ ይመጣባችኋል። መብራት ሲጠፋ አቅሙ ያልቃል። መብራት ስለጠፋ የዳንበት ብቸኛው ታሪክ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የትኛውም ሰንጠረዥ ላይ ወደማይጻፈው ፍጥነት። እሱም የመስመሩ ፍጥነት ነው።

እኛ አገር የነዚህ ጨዋታዎች አገልጋይ ኮምፒውተር የለም። አገልጋዩ ፍራንክፈርት ነው እንበል፤ ከአዲስ አበባ እዚያ በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ደርሶ ለመመለስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ይሄ ፊዚክስ ነው፣ ማንንም አንከስበትም። ባሕር በር ስለሌለን ደግሞ መስመሩ በጎረቤት አገር ዞሮ ነው የሚወጣው። በዚህ ላይ ማታ ማታ ሰዉ ሁሉ ሲገባበት ፒንጉ (መልእክቱ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) 200 ሲል አይቻለሁ። 200 ሚሊ ሰከንድ ለቪዲዮ ምንም አይደለም። በ4.6 ለሚሮጥ ገዳይ ግን 92 ሳንቲ ሜትር ናት። በአንድ ሰከንድ ከሚያገኛት ብልጫ፣ ከዚያች ከ0.6 ሜትር፣ ትበልጣለች።

እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ደግሞ ምቱ ሲያከራክር ብዙውን ጊዜ የሚያምኑት የመቺውን ስክሪን ነው። እናንተ በራሳችሁ ስክሪን መስኮቱን ዘላችሁ ወጥታችኋል፤ በሱ ስክሪን ገና ከወዲያ ናችሁ። ወድቃችሁ ነው ጩኸቱን የምትሰሙት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለላግ፣ ለመስመር መዘግየት፣ የተባለ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት የሚጫወት ልጅ ሰንጠረዡን እንዳለ መውሰድ የለበትም። ለኛ 4.6 የተባለው ገዳይ ክንዱ አንድ ሜትር የሚረዝም ገዳይ ነው። መስኮቱን አንድ ሜትር ቀደም ብላችሁ ዝለሉ፤ ጣውላውን "አሁን ደረሰ" ስትሉ ሳይሆን "ሊደርስ ነው" ስትሉ ጣሉ። የአውሮፓ ተጫዋች በቪዲዮ የሚያሳያችሁን የመጨረሻዋን ሰከንድ ጥበብ አትከተሉ፤ እሱ የሚጫወተው አገልጋዩ ጓሮ ሆኖ ነው። እኔ የምመክረው አጥርና ግድግዳ ላይ መዞርን፣ ዱካ ሳይተዉ መራመድን፣ ገዳዩን ከሩቅ አይቶ ቀድሞ መነሳትን ነው። እነዚህን ፒንግ አያበላሻቸውም።

ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። ፕሮጀክት ምን እንሥራ እያላችሁ ትጨነቃላችሁ። ጌራ የቡና ጫካ ውስጥ የሚካሄድ አስፈሪ ጨዋታ እኔ አይቼ አላውቅም። ጥላ ዛፉ ከላይ ጨለማ ነው፣ የቡናው ተክል ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ አምስት ሜትር አሻግሮ ማየት ይቸግራል። የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ሄዳችሁ ማድረቂያ አልጋዎቹን በጨዋታ ዓይን እዩአቸው። ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ አልጋ ዙሪያው 23 ሜትር ነው፤ ገዳዩ ከማዶ ሆኖ ቢያሳድዳችሁ 0.6 ብልጫውን ይዞ እስኪይዛችሁ 19 ሰከንድ ይፈጅበታል። አልጋው ሥር ሾልኮ ማለፍ ከፈቀዳችሁ ጨዋታው ይለወጣል። ገዳዩን ጅብ ካደረጋችሁት ግን ተጠንቀቁ፤ እውነተኛው ጅብ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሮጣል። እሱን ቀነኒሳም አያመልጠውም። ፍጥነቱን መቀነስ ወይም ዛፍ መውጣት መፍቀድ ይኖርባችኋል።

ሥዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ወረቀት አውጡና ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ ተሳዳጁ ስንት ይሮጣል፣ አሳዳጁ ስንት ይሮጣል፣ የኛ መስመር ስንት ያዘገያል። ሦስተኛውን የውጭዎቹ አይጽፉላችሁም። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በራውተር ብቻ ተገናኝተን የምንጫወተው ብትሠሩት ደግሞ ሦስተኛው ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ክርክሩ የፒንግ መሆኑ ቀርቶ የችሎታ ይሆናል። የሚጀምር ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። ለመሞከር እኔ የመጀመሪያው ነኝ።