ትንሽ ድስት፣ ትልቅ ድስት

ብቻችሁን መኖር ስትጀምሩ ስለ ነፃነቱ የሚያወራላችሁ ሰው ሞልቷል። ስለ ድስቱ ግን ማንም ምንም አይላችሁም። የኛ አገር ወጥ ደግሞ ለአንድ ሰው ታስቦ የተሠራ አይደለም። ዶሮ 12 ብልት ነው። ንፍሮ ሲቀቀል ለጎረቤትም ጭምር ነው። ቦሎቄ አንድ ስኒ ጣዱት አሥር ስኒ፣ የሚፈጀው ሰዓት ያው ነው። እናላችሁ ስቱዲዮ የተከራየ ወጣት ሦስተኛው ወር ላይ ከሁለት አንዱን ሆኖ ይገኛል፤ ወይ ምግብ ቤት ለምዶ ኪሱ ተራቁቷል፣ ወይ እሑድ የሠራውን ወጥ እስከ ሐሙስ እያሞቀ ይበላል።

እኔና ጓደኛዬ ፕሬዠር ኩከር ለመግዛት የተነሣነው በየራሳችን ምክንያት ነው። እኔ ከሥራ ስገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን እራት ፈልጌ ነው። እሷ ግን እንጀራዋን ፈልጋ ነው። ትሠራበት የነበረው ቢሮ ሲዘጋ ቁሌት እየሠራች ለወንደላጤዎች መሸጥ ጀምራ ነበር። ቁሌቷ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ሽንኩርቱ ሰዓታት ፈጅቶ የበሰለ፣ እንቁላል ብቻ ብትጥሉበት "ማን ሠራው?" የሚያስብል ነው። ደንበኞቿ ከድሬዳዋም ከአሜሪካም መጠየቅ ሲጀምሩ ሐሳቡ መጣላት።

"አንድ ፕሬዠር እናዋጣ" አለችኝ። "ላንቺ እራት ይሠራል፣ ለኔ ቁሌት በብልቃጥ ያሽጋል። እንዳሸጉት ስድስት ወር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ዩቲዩብ ላይ እኮ ሁሉም ሰው እያሸገ ነው!"

ነገሩ ሲያዩት ያስጎመጃል። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው መጥፎ አመል ግን ከመክፈሉ በፊት መጠየቁ ነው። ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ መርካቶ ሄጄ የካርቶኖቹን ጀርባ አየሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ነገር፣ አዲስ አበባ ላይ ፕሬዠር ቅንጦት አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እኛ ጋ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ከዚያ በኋላ እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምሩ ውሃው ይተናል እንጂ አይሞቅም። ቦሎቄ፣ ሽምብራና የበሬ ሥጋ አልበስል ብለው የሚያስለቅሱን በዚህ ነው። ፕሬዠር የሚያደርገው እንፋሎቱን አፍኖ ይዞ ግፊቱን ከፍ ማድረግ ነው፤ ያኔ ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል። በኔ ቤት ውሃ ውስጥ ያደረ ቦሎቄ በክፍት ድስት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በፕሬዠር 25 ደቂቃ አይሞላም። የመብራት ካርድ በየወሩ ለሚሞላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚፈሩትም አሉ። ሰፈራችን ውስጥ የመጀመሪያው ፕሬዠር የመጣው ከቤሩት በተመለሰች ጎረቤታችን ሻንጣ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ፉጨቱን ስትሰማ ከማድቤት ትወጣለች። ፍርሃቷ መሠረት የለውም አልልም፤ ግን አደጋውን የሚያመጡት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የእንፋሎት መውጫው በምግብ መደፈን፣ ድስቱን ከልክ በላይ መሙላትና ግፊቱ ሳይወጣ ክዳኑን ታግሎ መክፈት። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው። ሥጋና አትክልት ከሆነ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሙሉ። ባቄላ፣ ቦሎቄ፣ ምስርና አተር ከሆነ ይነፋሉ፣ አረፋም ያወጣሉ፤ ከግማሽ አትለፉ። ከመጣዳችሁ በፊት መውጫውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በቀዳዳው እዩ። ብርሃን ካልታያችሁ አትጣዱት።

መጠኑን የምትመርጡትም በዚሁ ሕግ ነው። ባለ 3 ሊትር ድስት ጥራጥሬ ሲሆን የሚሠራው አንድ ሊትር ተኩል ነው። ያ ለአንድ ሰው እራትና የነገ ምሳ በደንብ ይበቃል። ሁለት ከሆናችሁ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ የምታበዙ ከሆነ 4 ወይም 5 ሊትር ውሰዱ። "ነገ ሳገባ ይሆነኛል" ብሎ 9 ሊትር መግዛት ግን ራስን መቅጣት ነው። ትልቅ ድስት ለመጋልም ለመቀዝቀዝም ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ የቆጠባችሁት ሰዓት እዚያው ያልቃል፤ ጥቂት ምስር ደግሞ ሰፊው ታች ላይ ተበትና ታርርባችኋለች።

አልሙኒየሙ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይግላል፤ ግን ቲማቲምና ሎሚ ይበላዋል፣ ኢንዳክሽን ምድጃ ላይም አይሠራም። አይዝጌው ዋጋው ይከብዳል፤ ታቹ ወፍራም ከሆነ ግን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። ከሁሉም በፊት ሻጩን "የክዳኑ ጎማ መለዋወጫ አለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። መለዋወጫ የሌለው ፕሬዠር ከሁለት ዓመት በኋላ ተራ ድስት ነው።

እስከዚህ ድረስ እኔና ጓደኛዬ ተስማምተን ነበር። የተጣላነው ብልቃጡ ላይ ነው።

ፕሬዠር ኩከርና ምግብ ማሸግ ዘመዳሞች ይመስላሉ እንጂ አወላለዳቸው ለየቅል ነው። ዴኒ ፓፔን የሚባለው ፈረንሳዊ በእንፋሎት ግፊት አጥንት የሚያለሰልሰውን ድስቱን ለንደን ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1679 ነው። ኒኮላ አፔር የሚባለው ሌላ ፈረንሳዊ ደግሞ ምግብን ጠርሙስ ውስጥ አሽጎና ቀቅሎ የማቆየቱን ዘዴ አሳትሞ ከመንግሥት 12,000 ፍራንክ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። አንዱ የቸኮለ ሰው ዕቃ ነው፤ ሌላው ለወራት የሚያስብ ሰው ጥበብ ነው።

ለወራት ሲታሰብ ደግሞ ጠላቱ ይቀየራል። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ የሚኖር ነው፤ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ማድቤታችን ይገባል። ክፉ ጊዜ ሲመጣበት እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ ይህ ዘሩ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ቢፈላ አይሞትም። የሚነቃው አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ ምግብ ውስጥ ነው። የሚያወጣው መርዝ ነርቭን ያሽመደምዳል፣ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። የከፋው ነገር ደግሞ ምግቡ ሳይሸት፣ መልኩም ሳይለወጥ መርዙ ሊኖርበት መቻሉ ነው። ቀምሶ መለየት የለም።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት እናቷም ነበሩ። "ልጄ፣ እኛ ስንት ዓመት በቅቤ ሸፍነን አስቀምጠናል" አሉኝ። "ቅቤው ላዩ ላይ ከረጋ አየር አያስገባም። አየር ካልገባ ምን ያበላሸዋል?"

እውነታቸውን ነው፤ ቅቤው ሻጋታን ይከለክላል። ሻጋታ አየር ይፈልጋልና። ይኸኛው ግን የሚወደው አየር የሌለበትን ነው። በዘይት የተዋጠ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት፣ በብልቃጥ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቁሌት ለዚህ ባክቴሪያ የተነጠፈ አልጋ ማለት ነው። የእናቷ ቁሌት ያልገደለን ትኩሱን ስለምንጨርሰው ነው። ስድስት ወር አልቆየማ!

"እኮ ለዚህ አይደል ፕሬዠር የምንገዛው?" አለች ጓደኛዬ። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ መልሱ ቁጥሩ ላይ ነው። ኮምጣጣ ያልሆነ ምግብ ሲታሸግ የሚፈለገው ሙቀት 116 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ የኤሌክትሪክ ፕሬዠሮች ላይ የሚጻፈው የሥራ ግፊት 70 ኪሎፓስካል ነው። በኛ ከፍታ ያ የሚያደርሰው 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለቦሎቄ ግሩም ነው፤ ለዚያ ዘር ግን አይበቃም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የማሸጊያ መመሪያ እንደኛ ባለ ከፍታ ላይ (ከ1,830 እስከ 2,440 ሜትር) ጌጅ ያለው ማሸጊያ 14 ፒኤስአይ እንዲደርስ ይጠይቃል፤ ወደ 97 ኪሎፓስካል ማለት ነው። በዚያ ላይ ማሸጊያ ለመባል ድስቱ ቢያንስ አራት ባለ አንድ ሊትር ገደማ ብልቃጦች ቀጥ ብለው እንዲቆሙበት ያስፈልጋል። ምክንያቱም የማብሰያው ሰዓት የሚሰላው ድስቱ ቀስ ብሎ ግሎ ቀስ ብሎ እንደሚቀዘቅዝ ታስቦ ነው። ትንሹ ድስት ቶሎ ግሎ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ለኔ እራት የሚያስመርጠው ያ ጠባዩ ለእሷ ብልቃጥ አደጋ ነው።

ትልቁን ማሸጊያ ከውጭ ብታስመጣስ? እሱም ለቁሌት አይሆንም። መመሪያው ላይ ያለው ደቂቃ ለእያንዳንዱ ምግብ ሙቀቱ እስከ ብልቃጡ መሀል መድረሱ እየተለካ የወጣ ነው። ወፍራም ምግብና ዘይት ሙቀቱን ያዘገዩታል። በዚህ የተነሣ መመሪያው በተፈተነው አሠራር ላይ ቅቤና ዘይት አትጨምሩ ይላል። ቁሌት ደግሞ ዘይቱ ከወጣ ምን ቀረ?

"ሁለት ያባረረ አንድም አይዝ" ማለት ይኸው ነው። ጓደኛዬ ግን ተረት አልፈለገችም። "አንቺ ደመወዝ አለሽ፣ ስለዚህ መፍራት ትችያለሽ" አለችኝ። ሳምንት ሙሉ ስልኬን አላነሣችም። ነገሯ እስካሁን ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሥራ የሌለው ሰው ሐሳብ ላይ ውሃ መቸለስ ቀላል ነው። ግን ብልቃጡን የሚከፍተው ሰው እሷን አምኖ ነው የሚበላው። ድሬዳዋ ያለች አንዲት ተማሪ እራቷን ስትበላ ቁጥሩን የማሰብ ግዴታ የለባትም። ያን የማሰብ ግዴታ ያለበት የሸጠላት ሰው ነው።

በስምንተኛው ቀን ደወለች። "እሺ፣ ታዲያ ምን ልሽጥ?" አለችኝ። አብረን አሰብን። የአገራችን ሰው ምግብ ማቆየት አያውቅም ያለው ማነው? ቋንጣ አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ሽሮና በርበሬ አለ። ንጥር ቅቤ ራሱ የሚቆየው ውሃው ተንተክትኮ ስለወጣለት ነው። የኛ ጥበብ ማድረቅ ነው፤ ውሃ በሌለበት ባክቴሪያ አይሠራም። አሁን ድሬዳዋም ሆነ ሌላ ክልል የምትልከው ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ነው። ለፕሬዠሩ ያዋጣችውን ብር ለአሮጌ ፍሪዘር አዋለችው። ቁሌቱን እንደሠራች በትንንሽ ዕቃ ታቀዘቅዘዋለች፤ የምትሸጠውም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ የሞላ ፍሪዘር ሁለት ቀን፣ ግማሽ የሆነው አንድ ቀን ያህል ይይዛል። የአሜሪካው ደንበኛ ግን ቀርቶባታል። ያ ኪሳራ ነው፤ ኪሳራ አይደለም አልላችሁም።

"እኔ ግን የግድ ማሸግ አለብኝ" ለምትሉ፣ ቲማቲም በረከሰ ጊዜ እሱን አሽጉ። ለዚያ ፕሬዠር አያስፈልግም፤ ጥልቅ ድስትና ንጹሕ፣ ክዳኑ አዲስ የሆነ የማሸጊያ ብልቃጥ ይበቃል። ቲማቲሙን ልጣችሁና ጨፍልቃችሁ አፍሉት። በየግማሽ ሊትር ብልቃጡ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፋብሪካ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ፤ የገበያ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ስለሚለያይ አይታመንም። ከዚያ ውሃው ብልቃጡን ሸፍኖ በኛ ከፍታ 50 ደቂቃ ይፍላ። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት እንዳትጨምሩ! እነሱን ስትከፍቱት ትጨምሩታላችሁ።

እኔ ባለ 3 ሊትሩን አይዝጌ ገዛሁ። ለብቻዬ። ካርቶኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይቼ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ አስጨምሬ። እናንተም መርካቶ ስትወርዱ "ይኼ ሁሉን ይሠራል" የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ካርቶኑን ገልብጡና ቁጥሩን እዩ። ሰባው ላይ ከቆመ እራታችሁን ሥሩበት፣ በሰላም ብሉ፤ ለስድስት ወር ግን አትመኑት።