ያላየነው ቴሌቪዥን

ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ነበርኩ። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ከቤት አላስወጣ ብሎን፣ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን አንዲት ሴት ስናማ ከረምን።

ሴትዮዋን ታስታውሷት ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በካሜራ በተከበበ ቤት ይካሄድ በነበረው ‹‹ቢግ ብራዘር አፍሪካ›› ውድድር አገራችንን ወክላ የገባች መምህርት ነበረች። ከሴራሊዮኑ ተወዳዳሪ ጋር ካሜራ ፊት አልጋ ተጋራች ተባለና አገር ታመሰ። ቡና ቤቱ፣ ታክሲው፣ ለቅሶ ቤቱ ሳይቀር ወሬው እሷ ሆነች። ለነገሩ ያን ዓመት ከኢትዮጵያ የገቡት ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ወንድ ነው። የእሱን ስም የሚነግረኝ ሰው ማርቆስ ውስጥ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። የሴራሊዮኑንም ሰውዬ ቢሆን ‹‹አሳዳጊ የበደለው›› ያለው አልነበረም። በመጨረሻ ያሸነፈችው የናሚቢያዋ ዲሊሽ ማቴዎስ 300 ሺህ ዶላር ይዛ አገሯ ስትገባ እኛ ገና የራሳችንን ልጅ ረግመን አልጨረስንም።

የእህቴ ልጅ ያን ክረምት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። ድምፅ አላት። ሠርግ ላይ እሷ ስታወጣ ሌላው ሁሉ ተቀባይ ነው፤ እናቷም ትኮራባታለች። ሠርግ ላይ ነዋ! ዘፋኝ መሆን ሌላ፣ አዝማሪ መባል ሌላ። ልጅቷ ግን በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የዘፈን ውድድር ልትመዘገብ ፈለገች። አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአውቶቡስ ገንዘብና እኔ ቤት ለሳምንት ማረፊያ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። እህቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና፣ ‹‹አንተ የተማርክ ነህ፣ እባክህ ምከርልኝ›› አለችኝ።

መከርኳ!

‹‹እንደዚያችኛዋ ልትሆኚ ነው?›› አልኳት።

አንገቷን ደፍታ ቆየችና፣ ‹‹ጋሼ፣ አንተ አይተኸዋል?›› አለችኝ።

‹‹ምኑን?››

‹‹ፕሮግራሙን።››

አላየሁትም። እናቷም አላየችም። ፕሮግራሙ ይተላለፍ የነበረው በዲኤስቲቪ ነው፤ ዲኤስቲቪ ደግሞ በዚያን ጊዜ በሰፈራችን የማውቀው ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ የሚገባው ወንድ ነው። ‹‹ሴት ልጆቻችንን አበላሸብን›› ስንለው የከረምነውን ነገር ሴት ልጆቻችን የሚያዩበት መንገድ እንኳ አልነበራቸውም። እኛ ነን በወሬ ያየነው፤ እነሱን ያሰርንበትም እኛው ነን። የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ ወንጌልን በአባቷ ግቢ አስጠብቀው የጻፉልን በ1958 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሰበቡ ዘር ነበር። እኛ ዘንድ ቴሌቪዥን ሆነ።

ልጅቷ የምታየው በእናቷ ቴሌቪዥን የሚመጣውን የዘፈን ውድድር ነው። ማይክ አያያዝ፣ ትንፋሽ መቆጠብ፣ ዳኛ ‹‹አልተሳካልሽም›› ሲላት አመስግኖ መውረድን ከዚያ ተምራለች። እውነት ለመናገር ሌላም ነገር ተምራለች። በዚያው ቀን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ‹‹ጋሼ፣ ጥቁረቴ በካሜራ በጣም ይታያል እንዴ?›› ብላኝ ነበር። ለፊት ማቅያ የሚሆን ክሬም በጓደኛዋ አስገዝታ ከሣጥን ሥር ደብቃለች አሉ። ምክር የሚያስፈልገው ጥያቄ ይሄ ነበር፤ እኔ ግን ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ስለ አልጋ ለመምከር ነበራ የተላክሁት።

አልሄደችም። በሁለተኛው ዓመት ተዳረች።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲመጣ ስጋታችንን ጠቅልለን ወደ ቱርክ ተከታታይ ፊልም አዞርነው። ያችን መምህርት የሚያነሳት ጠፋ። የእህቴ ልጅ ቤት ዛሬ ዲሽ አለ፤ ያ ክሬምም መስኮቱ ላይ፣ ሳይደበቅ፣ አለ።

ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ነበር። የስምንት ዓመት ልጇ ማማሰያ ይዛ ከማጀት ወጣችና ፊቴ ቆመች።

‹‹ቁጥሬ ሰባት ነው። ድምፅ ስጡኝ›› አለች። ከዚያ በማማሰያው ወደ እኔ እየጠቆመች፣ ‹‹አንተ ዳኛ ነህ፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ።››

ዘፈነች። የእናቷ ድምፅ ነው፤ ቁርጥ የእሷ። እናትየው ቡና መውቀጧን አቁማ ሙቀጫው ላይ እጇን እንዳሳረፈች እኔን ታያለች።

‹‹እህስ ጋሼ፣›› አለችኝ፣ ‹‹አለፈች?››