ዋስ ያላት መኪና

ኳስ እያለ እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የመኪና ውድድር ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። እኛ አምስት ነን። ዲሽ ያለው ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን፣ ቡና እየተፈላልን ፎርሙላ ዋን እናያለን።

አንድ እሁድ ውድድሩ ጣሊያን፣ ሞንዛ ላይ ነበር። የአንዷ መኪና የፊት ክንፍ ብትንትኑ ወጣ። «ይሄን ስብርባሪ የት ይጥሉት ይሆን?» ብለን ስንስቅ፣ ትራንዚተር የሆነው ጓደኛችን «ዝም ብለው አይጥሉትም፤ የገባ ነገር መውጣት አለበት» አለ። ከዚያ ወዲያ ውድድሩን ያየ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቡድኖቹ የሚበዙት መቀመጫቸው እንግሊዝ ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ክልል ከወጣችበት ከ2021 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ፣ ሞንዛ ደርሳ የምትመለስ መኪና ቀረጥ እንዳትከፍል «ኤ.ቲ.ኤ. ካርኔ» የሚባል ደብተር ትይዛለች። ስምምነቱ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ብራስልስ ላይ የተፈረመ ነው። የመኪናዋ ፓስፖርት በሉት። ከእንግሊዝ ስትወጣ፣ ኅብረቱ ክልል ስትገባ፣ ከዚያ ስትወጣ፣ አገሯ ስትመለስ ማኅተም ይመታበታል። የያዘችው ዕቃ ሁሉ ከነክብደቱና ከነዋጋው ይዘረዘራል። እንደ ነዳጅና ዘይት ያለ አላቂ ነገር በዚህ ደብተር አይሄድም። የተሰበረውም ቢሆን ወይ ይመለሳል፣ ወይ በጉምሩክ ፈቃድ ይወገዳል።

ጉምሩክ ይህን የሚፈቅደው መኪናዋን አምኖ አይደለም። ዋስ ስላላት ነው። ደብተሩን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ንግድ ምክር ቤት ነው። መኪናዋ እዚያው ከቀረች ቀረጡን የሚጠየቀው ዋሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ዞሮ ቡድኑን ይይዛል።

ይሄኔ ከመሀላችን አንዷ ዝም አለች። አምና ለ2 ሳምንት ሥልጠና ቪዛ ጠይቃ ነበር። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የአባቷን የቤት ካርታ ሳይቀር ይዛ ሄደች። እንደምትመለስ አላሳመንሽንም የሚል ወረቀት ይዛ ወጣች። ሥልጠናውም አለፋት።

ዋስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለብድር ዋስ፣ ለሥራ ዋስ፣ ለታሰረ ሰው ዋስ እንጠራለን። አባቷ ቢጠየቁ ቤታቸውን አስይዘው «ትመለሳለች» ብለው ይፈርሙ ነበር። ዋስ ጥሪ ያላት ግን የለም።

እውነቱን እናውራ ካላችሁ፣ ከአምስታችን ሁለታችን ብንሄድ የምንመለስ አይመስለንም። ፈታኙም ይህን ያውቃል፤ አንፈርድበትም። እሷ ግን ትመለስ ነበር። በሁለታችን ዕዳ እሷ ቀረች።

በረካው ሲቀዳ ውድድሩ አልቋል። ማን እንዳሸነፈ አላየንም። ዘንድሮ ድጋሚ ልታመለክት ነው። ፎርሙ ላይ «ዋስ» የሚል ቦታ ካለ፣ አራት ስም ተዘጋጅቷል።