ኮርኒስ ሲወርድ

የመንዝ ሣር ቤት ኮርኒስ የለውም፤ አያስፈልገውምም። ምድጃው ዳር ጋደም ብሎ ሽቅብ ላየ፣ ከምሰሶው ጫፍ ዙሪያውን የተዘረጋው ወጋግራ፣ በላዩ የታሰረው ማገር፣ ከዚያም የጓሳው ሣር ራሱ ይታያል፤ በጭስ ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ጥቀርሻው ሥራ አለው፤ ነቀዝ እንጨቱን እንዳይደፍረው ያደርጋል። ሣሩ የሚታጨድበት የጓሳ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ ያለ የውርጭ አገር ነው፤ ወፍራም የሣር ክዳን የምድጃውን ሙቀት አምቆ ያሳድራል።

ኮርኒስን ያመጣብን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ዝናብ ሲወርድበት ጨዋታ ያስቆማል፤ ንጋት ላይ የሰው ትንፋሽ ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከሥሩ አንድ ነገር መወጠር ግድ ሆነ። ያለው ቺፕውድ ይመታል፤ የሌለው የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሮ ይሰፋል። በአዲስ አበባ የድሮ ጭቃ ቤቶች ደግሞ አቡጀዲ ነበር የሚወጠረው። አይጥ በላዩ ስትሮጥ ጨርቁ እየተከተላት ሲርገበገብ፣ ክረምት ያስገባው ውኃ ደርቆ ቡናማ ጠርዝ ሲያወጣ ያላየ የሸገር ልጅ ጥቂት ነው።

ዛሬ ያ ሁሉ እየወረደ በጂብሰም ይተካል። ባለቤቱ ስለ አዲሱ ዲዛይን ሲጨነቅ ይከርማል፤ አሮጌውን ግን «ማንም የቀን ሠራተኛ ያወርደዋል» ብሎ ይተወዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማውረድ ከመስቀል የከበደ ሙያ ነው። ከጨርቁ በላይ የዘመናት አቧራና የአይጥ ኩስ አለ፤ ሽፋኑ የተላጠ የመብራት ሽቦ አለ፤ የበሰበሰ ሞራሌ አለ። ደህና ባለሙያ መጀመሪያ ቆጣሪውን ያጠፋል፣ ዕቃውን ይሸፍናል፣ አፍና አፍንጫውን ያስራል፣ ከጥግ ጀምሮ በዝግታ ይለቃል፤ ደህናውን ሞራሌ ለይቶ ያስቀምጣል። በካሬ ከመዋዋል በፊት እነዚህን መጠየቅ ያዋጣል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስቴ ልጅ የቆየ ቤት ገዝቶ ስለ ጣሪያው ሲያማክረኝ ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ። እዚያ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹና ከዚያ በኋላ ፈንዲሻ የተበተነበት የሚመስል ልስን ጣሪያ ላይ መርጨት ፋሽን ነበር፤ የልስኑን ጉድለት ይደብቃል፣ ድምፅም ይውጣል። ብዙው አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ነበር። እንዲህ ያለውን ርጭት የአሜሪካ መንግሥት የከለከለው በዚያው አቆጣጠር በ1978 ነው። ሳይነካ ከተቀመጠ አደጋው ትንሽ ነው፤ በደረቁ ሲፋቅ ግን በዓይን የማይታየው የአስቤስቶስ ጭረት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እባክህ ርካሽ ዋጋ የሰጠህን አትቅጠር፣ አስቀድመህ ቁራጩን ላቦራቶሪ አስመርምር አልኩት። ልጆች አሉት።

መንዝ ውስጥ አሮጌ ክዳን የሚወርደው በበጋ፣ በደቦ ነው። ወንዶቹ ፊታቸውን ጠቅልለው ጣሪያው ላይ ይወጣሉ፤ ጥቀርሻው ቅንድባቸው ላይ እስኪረጋ አሮጌውን ሣር ይለቅሙታል። ግን አዲሱ ሣር ሳይዘጋጅ አሮጌውን የሚነካ የለም፤ ጓሳ እንደልብ አይታጨድምና። የአካባቢው ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ቀሮ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት አለቃ መርጠው ጓሳውን ለ3 ዓመት፣ ሲያሻም ለ5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ቤቱ ያፈሰሰበት ሰው ሣሩ እስኪያድግ ይጠብቅ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ ዛሬም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መሬት የሚጠብቀው የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። የቤት ክዳን የሚሆነው ሣር አይጦችን ይሸሽጋል፤ ቀይ ቀበሮም በእነሱ ይኖራል። ይህን ያህል ነገር የተሸከመ የጣሪያ ዕቃ ሌላ አላውቅም።

ከመንዝ ጣሪያ የወረደው ጥቁር ሣር ጓሮ ይበተናል፣ አፈር ይሆናል። የአሜሪካው ፍቅፋቂ በታሸገ ከረጢት ወደተፈቀደለት ቦታ ይሄዳል። የእኛ ከተማ ቺፕውድና የአይጥ ኩስ የጠጣ አቡጀዲ ግን ብዙ ጊዜ ማታ ወንዝ ዳር ይደፋል። ስለዚህ ኮርኒስ የሚያወርድ ሰው ስቀጥር ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ያወረደውን የት እንደሚወስደው ነው።